የተያዘ ወንበር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በድንች ልሞት ነበር። በመኪና አደጋ አይደለም፣ በክፉ በሽታም አይደለም፤ በተቀቀለ ድንች። ሞትም እኮ ወግ አለው።

ቆሜ ነበር የምበላው። ሳና አግብታ ኮምቦልቻ ከገባች ወዲህ የእቃ ማጠቢያውን ተደግፌ መብላት ለምጃለሁ። ሳና የቤት ተጋሪዬ ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ስትስቅ አጠገቧ ያለውን ሰው በጥፊ የምትመታ። ገርጂ ያለችውን ይህችን ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ስድስት ዓመት አብረን ኖርንባት። እሷ ስትሰግድ እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እቀንሳለሁ፤ እኔ ስጸልይ እሷ እንቅልፏን ትለጥጣለች፣ የጴንጤ ጸሎት ረጅም ነውና። ስትሄድ ትንሿን ጠረጴዛና ሁለቱን ወንበሮች ትታልኝ ሄደች። አንደኛው ላይ ያልታጠፈ ልብስ ከምሬበታለሁ። አንድ ሰው ሁለት ወንበር ምን ያደርግለታል?

ድንቹ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ወደ ላይም አይል፣ ወደ ታችም አይል። ውሃ ልጨምርበት ብል ውሃው በአፍንጫዬ ተመለሰ። ልጮህ ብል ድምፅ የለም። ኮል ሴንተር ነው የምሠራው፤ በድምፄ እንጀራ የምበላ ሰው በቁርጥ ቀን ድምፄ ከዳኝ። ሮጬ የሳሎኑን ግድግዳ በጡጫ መታሁት፤ ደግሜ ደጋግሜ መታሁት። ከግድግዳው ወዲያ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ማንም አልመጣም። ዓይኔ ሲጨልም የወንበሩ መደገፊያ ላይ በሆዴ ወደቅኩ፣ ድንቹም ተፈናጥሮ ወጥቶ ፍሪጁ ሥር ገባ።

ወለሉ ላይ ተዘርፍጬ ትንፋሼ ሲመለስ መጀመሪያ የመጣብኝ ምስጋና አልነበረም፣ ንዴት ነው። ብሞት ማን ያገኘኝ ነበር? እናቴ ከሆሳዕና የምትደውለው እሑድ ማታ ከቸርች ስትመለስ ነው፤ ባላነሳ «ደክሟት ተኝታ ነው» ብላ ትተኛለች። ሰኞ ሱፐርቫይዘሬ በቴሌግራም ማስጠንቀቂያ ይልክልኛል። ለሬሳ ማስጠንቀቂያ! «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲሉ እሰማ ነበር፤ ተረቱ እንዲህ ቃል በቃል እኔ ላይ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በቀን መቶ ጊዜ «እንቁ እባላለሁ፣ ምን ልርዳዎት?» እላለሁ። የባንክ ካርዱ የተዋጠበት ይጮህብኛል፣ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ይሰድበኛል፣ አንዳንዱም ይመርቀኛል። ስሜን ይዞ የሄደ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በሕንፃችንም ያው ነው። የግድግዳዬን ጎረቤት እንኳ የማውቀው በድምፁ ነው፤ ማለዳ ሲገባ ቁልፉ ይንቋቋል፣ ሁለቴ ደረቅ ሳል ይስላል፣ ብረት ምጣድ ያንኳኳል፣ ከዚያ ጸጥ። ሁለት ሦስቴ ሊፍት ውስጥ ተገናኝተናል። ረዘም ያለ፣ ዓይነ አፋር ነገር ነው። «ሰላም ነው?» «እግዚአብሔር ይመስገን» እንባባልና ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ፎቁ ቁጥር እናዞራለን፤ ቁጥሩ ካልተጠበቀ ይጠፋ ይመስል። ስሙን አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። እኛ አገር ሆሳዕና ጎረቤት የሚያንኳኳው ከገባ በኋላ ነው።

ፊቴን ታጥቤ መስታወት ፊት ቆምኩና ለራሴ ቃል ገባሁ። ዛሬ ማታ ቢያንስ አንድ ሰው፣ እዚሁ ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው፣ ስሜንና ቤቴን ሳያውቅ አልተኛም። እንቁ ኤርሳዶ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ በስተግራ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ብሞት «ያቺ ልጅ ምነው ጠፋች?» የሚል አንድ አፍ ብቻ።

እና «ጥግ» ልሄድ ቆረጥኩ። ጥግ ከሕንፃችን ፊት ለፊት፣ ድሮ ጋራዥ በነበረው ግቢ ውስጥ የተከፈተ ባር ነው። ከተከፈተ ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ሙዚቃው መስኮቴን ያርገፈግፈዋል፤ የሸገር አራዶች ከወሎ ሰፈርና ከቦሌ ድረስ መኪና እየነዱ ይመጡበታል። እኔ መንገድ መሻገር ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፣ አንድም ቀን ተሻግሬ አላውቅም። ሳና ለሠርጓ ያሰፋችልኝን አረንጓዴ ቀሚስ አውጥቼ ለበስኩ።

በሩ ላይ የሕንፃችን ጥበቃ ጋሽ ገብረዋሕድ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር ሸጉጠው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና ሬዲዮውን ቀነሱ።

«ወዴት ነው ልጄ፣ እንዲህ አምሮብሽ?»

«እዚሁ ነው ጋሼ፣ ጥግ ድረስ።»

«ብቻሽን?»

ጥያቄው ክፋት የለውም። የአባት ጥያቄ ነው። ግን ፊቴ ጋለ። «አይ፣ ሰው ይጠብቀኛል» አልኳቸው። ገና መንገዱን ሳልሻገር ዋሸሁ።

ጥግ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው። የድሮው ጋራዥ ጎማ ጠረጴዛ ሆኗል፣ ግድግዳው ላይ የፕላስቲክ ሐረግ ተንጠልጥሏል፣ መብራቱ ሁሉንም ሰው ወይን ጠጅ አስመስሎታል። ደረቱ ላይ «አዶኒያስ» የሚል ስም የለጠፈ ቀጭን አስተናጋጅ እየተሽሎከለከ መጣ።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ስንት ናችሁ?»

አንድ ማለት ብቻ ነበር። አንድ ነኝ፣ አለቀ። ግን ከኋላው አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሴቶች፣ ፊኛ አስረው ልደት የሚያከብሩ፣ ቀና ብለው ቀሚሴን ያዩ መሰለኝ። እንዲህ ለብሶ አንድ ይባላል?

«ሁለት» አልኩት። «እሱ እየመጣ ነው።»

እሱ! ወንድ ማድረጌን ራሴም የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አዶኒያስ ጥግ ላይ ወዳለች ባለ ሁለት ወንበር ጠረጴዛ ወሰደኝ፤ ሁለት ሶፍት፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠ። ሜኑው በስልክ ስካን የሚደረግ ነው። አልኮል ስለማልጠጣ «የበረሃ ንፋስ» የሚባል ነገር አዘዝኩ። ሲመጣ ዝንጅብልና ሎሚ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን እናቴ የምታፈላው፣ በረዶ ጨምረውበት።

አስር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ፀጉሩን የጠቀለለ ልጅ መጣና እጁን ባዶው ወንበር ላይ ጣለ።

«ሰው አለው?»

ልቤ ዘለለች። ከዚያ ገባኝ። የሚቀመጥ አይደለም፤ ወንበሩን ወደ ጓደኞቹ ሊወስድ ነው። ወንበሩ ከሄደ እኔ ባለ አንድ ወንበር ጠረጴዛ ላይ በሠርግ ቀሚስ ተገትሬ ልቀር ነው።

«አለው» አልኩ።

ቀጥሎ ከልደቱ ጠረጴዛ አንዷ መጣች። «የኔ ቆንጆ፣ ሰው አለው?» «አለው።» ሌላ መጣ። «አለው።» ደግሞ ያቺው የልደቷ መጣች፣ አሁን ግን በፈገግታ አልነበረም። «እስኪመጣ ብቻ እንጠቀምበት? ሲመጣ እንመልሳለን።»

«ደርሷል፣ መኪና እያቆመ ነው» አልኳት።

እንደዚያ ስላት አዶኒያስ ሰማ። እውነቱን ለመናገር ደግ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ወንበሩን እሱ ራሱ ይጠብቅልኝ ጀመር። ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ከሩቁ እጁን እያወዛወዘ «ሰው አለው! ሰው አለው!» ይላል። ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ይጠይቀኛል።

«የት ደረሰ? መኪና ማቆሚያ አጣ እንዴ?»

«አዎ፣ እዚህ አጥቶ ዞሮ ሄደ። አሁን ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ነኝ ይላል፣ መንገዱ ተዘጋግቶ።»

«ቅዳሜ ነዋ! አይዞሽ፣ እኔ አለሁ።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እየቆየ ከበደ። አሁን ሰውዬው መኪና አለው፣ መንገድ ተዘግቶበታል፣ አስተናጋጅ ይሟገትለታል፤ ያጣው ነገር ቢኖር መኖር ብቻ ነው። እኔ ስልኬን አንስቼ የሳናን የድሮ መልእክቶች እያነበብኩ አዲስ የመጣ ይመስል ፈገግ እላለሁ። ሰው ለማግኘት ወጥቼ፣ ሰው እንዳይቀመጥ ወንበር እየጠበቅኩ ነው። ይህን ሳስበው ዝንጅብሉ ዓይኔን አቃጠለኝ። ዝንጅብሉ ነው ልበል።

ያን ጊዜ ነው ሳሉን የሰማሁት። ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ።

በዚያ ሁሉ ሙዚቃ መሀል እንዴት እንደለየሁት አላውቅም። ቀና ስል ጎረቤቴ ነው። የሚያብረቀርቅ መስመር ያለው የሥራ ጃኬት ለብሶ፣ ቦርሳ አንግቶ፣ አራዶቹ መሀል መንገድ እንደጠፋበት ሰው ዓይኑን ያንከራትታል። አየኝ። ፊቱ ፈታ አለና በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። አዶኒያስ ቀደመው።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሰው አለው» አለው፣ ደረቱን ነፍቶ።

ጎረቤቴ እሱን ትቶ እኔን አየኝ። እጁን ወንበሩ ላይ አላደረገም።

«ሰው አለው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ተቀመጥ ማለት አራት ፊደል ነው። አፌ ውስጥ ነበር። ግን አዶኒያስ አጠገቤ ቆሟል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ እኔ ሲሟገት ያመሸ ልጅ። የልደቷ ልጅ ከነፊኛዋ ዞራ ታየናለች፤ ለእሷ ነፍጌያታለሁ። አሁን ይህን ልጅ በሥራ ጃኬት «ተቀመጥ» ብለው፣ መኪና ያለው፣ መንገድ የተዘጋበት ያ ሰውዬ የት ሊገባ ነው? ቀሚሷን ለብሳ ብቻዋን ቁጭ ብላ ስትዋሽ ነበር ሊሉኝ ነው። ለእነዚህ ለማላውቃቸው፣ ዳግመኛ ለማላያቸው ሰዎች ይሉኝታ ያዘኝ።

«አዎ» አልኩት። «እየመጣ ነው።»

«እሺ። ይቅርታ።» ሊሄድ ዞረና ቆመ። «ደህና ነሽ ግን?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። እንደ ሊፍቱ፣ እንደ ስልኩ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ትንሽ አየኝ። «ጥሩ» አለና ሰዎቹን ይቅርታ እየጠየቀ ወጣ። ጃኬቱ በሩ ላይ አንዴ አብረቀረቀ።

ተነስቼ ልከተለው አሰብኩ። ምን ብዬ ልጥራው? ስሙን እንኳ አላውቅም። እዚያው ተቀምጬ በረዶው እስኪሟሟ የሁለተኛውን ሰው ውሃ ጠጣሁለት። አዶኒያስ እንደገና መጣ፣ አሁን ምንም አልጠየቀም። ቀስ ብሎ ሁለተኛውን ሶፍት አነሳ። ያ ነገር ከስድብ ሁሉ አመመኝ። ሒሳብ ከፍዬ ስነሳ ገና ከጠረጴዛው ሳልርቅ ወንበሩ ሲጎተት ሰማሁ። የልደቷ ልጅ ወስዳዋለች። ይገባታልም።

ጋሽ ገብረዋሕድ በሩን ሲከፍቱልኝ ፈገግ ብለዋል።

«አገኘሽው?»

«ማንን?»

«ጉዲናን ነዋ። ጎረቤትሽን።»

ጉዲና። እንዲህ ነው ስሙን የሰማሁት፤ ከእሱ አይደለም፣ ከጥበቃ።

«እሱ ምን ሆኖ?» አልኳቸው።

«አንቺን ሲፈልግ ነበራ! ይህ ልጅ ኤርፖርት ጭነት ላይ ሌሊት እየሠራ ቀን ነው የሚተኛው። ከሰዓት በእንቅልፍ ልቡ ግድግዳ ሲደበደብ ሰምቶ በሕልሜ ነው ብሎ ተወው። ማታ ሲነቃ አላስችል አለው። በርሽን ቢያንኳኳ የለሽም። ወርዶ 'ያቺ ልጅ ደህና ናት ወይ ጋሼ፣ ግድግዳው እንዲያው አልተመታም' አለኝ። አሁን ለብሳ ወጣች፣ ጥግ ሰው ይጠብቀኛል ብላለች አልኩት። 'ሰርቪስ እስኪመጣ ዓይቻት ልምጣ፣ በዓይኔ ካላየሁ ሥራም አልሠራ' ብሎ ተሻገረ።»

የበሩን ብረት ያዝኩ።

«ተመልሶ ምን አለ?»

«ምን ይላል። 'ደህና ናት ጋሼ፣ ሰው አላት' ብሎኝ ሄደ።» ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉ። «እኔም ደስ አለኝ። ሰው ካለሽ ጥሩ ነው ልጄ።»

ሊፍት ውስጥ ቁጥሩን አላየሁም። ቤቴ ገብቼ መብራቱን ሳላበራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ድንቹ እንኳ እንደዚያ አላስለቀሰኝም። አንድ ሰው ሰምቶኛል። ዘግይቶም ቢሆን፣ በእንቅልፉም ቢሆን ሰምቶኝ፣ ሥራውን ከኋላው አድርጎ፣ ከነጃኬቱ እዚያ የአራዳ መንጋ ውስጥ ገብቶ ፈልጎ አገኘኝ። እኔ ደግሞ ወንበር ያዝኩበት። ለማን? ለማንም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላሉ፤ እኔ ጎረቤቴን በሌለ ሰው ለወጥኩት።

መስኮቱ በጥግ ሙዚቃ ይርገፈገፋል። ተነሳሁና መብራቱን አብርቼ ልብሱን ከወንበሩ ላይ አነሳሁት። አንድ በአንድ አጠፍኩት። ከሥሩ የሳና ሻርፕ ወጣ፣ እሱንም አጠፍኩት። ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ጠረጴዛው ጋ መለስኩት። ከዚያ ቀሚሴን ሳልቀይር ጋደም አልኩ።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሊፍቱ ቆመ። ቁልፉ ተንቋቋ። ሁለት ጊዜ ሳለ። ብረት ምጣዱ ሲነሳ ሰማሁ። ስሙን አውቀዋለሁ፣ ሄጄ በሩን ማንኳኳት እችላለሁ፤ ግን በሩ ላይ ቆሜ የምለው ነገር ሁሉ «እንዴት አደርክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሆኖ እንደሚቀር ራሴን አውቃለሁ። ስለዚህ ትናንት የመታሁት ቦታ ሄድኩና ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ሁለት ጊዜ፣ በኃይል።

ምጣዱ ጸጥ አለ።

የእሱ በር ተከፈተ፣ እርምጃ ሰማሁ። ከማንኳኳቱ በፊት በሬን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ጃኬቱን ገና አላወለቀም። እጁ ላይ የእንቁላል ማንኪያ ይዟል፣ ፊቱ በእንቅልፍ እጦት ገርጥቷል። ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት አልሞከረም፣ እኔን ብቻ ነው ያየው።

«ደህና ነሽ?» አለኝ።

የለመድኩት መልስ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት፤ ይህኛው ግን ያለችግር ወረደ።

«አይደለሁም» አልኩትና እንዲገባ ከበሩ ዞር አልኩለት።